ዘንጉን ከማስረዘምህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። የምተዳደረው በሰው ግቢ ዛፍ በመግረዝ ሲሆን እስካሁን የምሠራው በእጅ መጋዝና በመሰላል ነበር። ባለፈው ወር ከቅዳሜ ገበያ በቤንዚን የሚሠራ፣ ባለ ረጅም ዘንግ አሮጌ የሞተር መጋዝ ገዛሁ። የተሸጠልኝ ሦስት ቦታ ተፈታቶ፣ ያለ መመሪያ ወረቀት ነው። እንደምንም ገጣጥሜ አስነሣሁት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ሰንሰለቱ ግን አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ጭሱ ብዙ ነው፤ ነዳጅ ስሰጠው ያፍነዋል። ሦስት ለውጥ ላደርግበት አስቤያለሁ። ረጃጅም ባሕር ዛፍ ስለማይደርስልኝ ዘንጉ ላይ 2 ሜትር የውኃ ቧንቧ አስበይጄ ልቀጥልበት፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለ 10 ኢንች መሪ ብረት በ16 ኢንች ልተካ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ያለውን ወንፊት አውጥቼ ጉልበት ልጨምርለት። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመሰላል ወርደህ መሬት ላይ ቆመህ ለመሥራት በማሰብህ በጣም ደስ ብሎኛል። ከመሰላል ላይ ወድቀው ወገባቸውን ያጡ ሠራተኞችን አውቃለሁ፤ አንተ በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን እንድትኖርበት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሳላለሳልስ ልንገርህ፦ ሦስቱንም ለውጦች ተዋቸው። ሁለቱን ለዘለቄታው፣ ሦስተኛውን ደግሞ እኔ በምነግርህ ሌላ መንገድ ትሠራዋለህ። በእጅህ ያለው መጋዝ ታሞብሃል። ሲታፈን፣ ሲያጨስና ሰንሰለቱ ሲቆም ያየኸው አቅም የእሱ እውነተኛ አቅም አይደለም። መጀመሪያ ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርገህ መልሰው፤ የሚጎድለውን የምትለየው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ አንዴ የሚዞረው፣ አንዴ የሚቆመው ሰንሰለት ነው። በቱቦው ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። የሞተሩን ዙር ተቀብሎ ጫፍ ላይ ወዳለው የጥርስ ሳጥን የሚያደርሰው እሱ ነው። ጫፎቹ አራት ማዕዘን ናቸው፣ ወይም ዙሪያቸውን እንደ ጥርስ የተፈለፈሉ፤ ከሚገቡበት ጉድጓድ ጋር ልክ ለልክ ካልገጠሙ ወደ ውስጥ አይወርዱም። አዲስ ገጣጣሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው የገባ ይመስላል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ሞተሩም ይነሣል፤ ውስጥ ያለው ዘንግ ግን በጥፍር ስፋት ብቻ ይዞ ተንጠልጥሏል። ከዓመታት በፊት እኔም አንዱን በችኮላ ገጥሜ ሥራ ወጣሁ። እስከ ምሳ ድረስ ሠራልኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። ስፈታው የዘንጉ አራት ማዕዘን ተበልቶ ጫፉ ክብ ሆኗል። በአምስት ደቂቃ ትዕግሥት የሚድን ዕቃ ነበር፤ ያኔ በጣም ቆጨኝ።

አንተ እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላውን ገመድ ንቀለው፤ ወፍራም ጓንት አድርግ። የጥርስ ሳጥኑን የያዙትን ብሎኖች አላላና ሳጥኑን ከቱቦው ላይ ሳበው። የዘንጉን ጫፍ በጨርቅ ጠርገህ ብርሃን ላይ እየው። ማዕዘኖቹ ስል ከሆኑ ተርፎልሃል፤ ከተበሉ ዘንጉን ሳትቀይር ወደ ሌላ ነገር አትለፍ። ከዚያ ትንሽ ግራሶ ቀባውና ሳጥኑን መልሰህ አስገባ፤ ስትገፋ በሌላው እጅህ ሰንሰለቱን ቀስ እያልህ አንቀሳቅሰው። የሆነ ቦታ ላይ ይገታሃል። በጉልበት አትግፋ፤ ሰንሰለቱን ማንቀሳቀስህን ቀጥል። ዘንጉ ቦታውን ሲያገኝ ሳጥኑ በድንገት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ እጅህ ላይ በግልጽ ይሰማሃል። በሞተሩ በኩልና ቱቦው መሐል ለመሐል በሚቀጠልበት መገጣጠሚያም ያንኑ ድገም። ቱቦው ላይ ቀዳዳ ካለ የማስቀመጫው ብሎን ልክ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። መጀመሪያ እሱን እሰር፤ ቀጥሎ ማቀፊያ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሹ አጥብቅ። ግማሽ ሰዓት ከሠራህ በኋላ አቁመህ ሁሉንም እንደገና ፈትሽ።

ሰንሰለቱን በእጅህ ስትጎትት ሞተሩ አጠገብ ያለው፣ የሞተሩን ዙር ለዘንጉ የሚያቀብለው የፍሪሲዮን ከበሮ አብሮ ከዞረ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዟል ማለት ነው። ያም ሆኖ ሥራ ላይ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ነውና የሞተር ብስክሌት መካኒክ እንዲያየው አድርግ። በነገራችን ላይ የጥርስ ሳጥኑ ጎን ትንሽ ብሎን ታገኛለህ፤ የግራሶ ቀዳዳ ነው። ከ20 እስከ 25 ሰዓት በሠራ ቁጥር ጥቂት ጨምርለት። ጢም አድርገህ አትሙላው፤ ይግላል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የሞተሩን ጤና እወቅ። የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ጤነኛ ሞተር እጅህን ይገዳደራል፤ ዝም ብሎ የሚሳብልህ ከሆነ ግን መጥፎ ምልክት ነው። ቀጥሎ ማርሚታውን ፍታና በጭስ መውጫው ቀዳዳ የፒስቶኑን ጎን እይ። ልስልስ ካለና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ። ከላይ ወደ ታች የተጫረ፣ የተላጠ ከሆነ ግን አንድ ቀን ያለ ዘይት ሠርቷል። እንዲህ ከሆነ የፒስቶንና የሲሊንደር ዋጋ ሳትጠይቅ ሌላ ዕቃ አትግዛለት።

ወደ ነዳጁ ልምጣ። ይህ ባለሁለት ምት ሞተር ነው፤ እንደ መኪና ለብቻው የዘይት መያዣ የለውም። የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው ዘይት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ ወይም ሞተሩ ላይ የተጻፈ ቁጥር ፈልግ። 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 40 ለ 1 የሚል ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ዘይት ነው። በዓይን መለካት ይቅር። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ፤ በ50 ለ 1 አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ለአንድ ሊትር ነው፤ በ40 ለ 1 ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ጨምርበት፣ አለቀ። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ በ40 ለ 1 ጀምር፤ ጥቂት ዘይት ቢበዛ ጭስ ይጨምራል፣ ዘይት ቢያንስ ግን ፒስቶን ይበላል። የመኪና ሞተር ዘይት አትጠቀም። ድብልቁንም በውኃ ፕላስቲክ አትያዝ፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ውኃ መስሎት የሚያነሣው አይጠፋም። ምልክት ያለው ጀሪካን ይኑርህ፤ በአንድ ወር ውስጥ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ ቀላቅል።

አሁን ወደ ጭሱና ወደ መታፈኑ። እዚህ ላይ ሠፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ የብዙ ጎንደሬ ባለ መጋዝ ችግር ነውና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቆላ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ቤንዚኑን እንደ ለመደው ይሰጣል፤ አየሩ ግን ሳስቷል። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይታፈናል፣ ካንዴላው በጥቀርሻ ይርሳል። ሰው ይህን ሲያይ «ጉልበቱ አልቋል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ምናልባት ለአንተም የተሸጠው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ነገር ግን ካቻቢቴ ይዘህ ወደ ካርቡሬተሩ አትቸኩል። አቧራ የሞላው የአየር ፊልትሮም ልክ እንዲሁ ያሳምመዋል፤ በሳሙና ውኃ እጠበውና አድርቀህ መልሰው። ታንኩ ውስጥ በቱቦው ጫፍ የተንጠለጠለችውን የቤንዚን ፊልትሮ በታጠፈ ሽቦ አውጥተህ እያት፤ ጠቁራ ከጠነከረች ቀይራት። የቤንዚን ቱቦዎቹን በጣትህ ጨምቃቸው፤ የደረቁና የተሰነጠቁ ከሆኑ አየር ያስገባሉ። ካንዴላውን ጥረገውና ክፍተቱን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስተካክለው። ማርሚታው ውስጥ ያለው ወንፊትም ብዙ ጊዜ በጥላሸት ተደፍኖ ሞተሩን የሚያፍን እሱ ነው። አንተ አውጥተህ ልትጥለው ያሰብኸው ያንን ወንፊት ነው። አውጣው፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ ቀዳዳዎቹን ክፈት፣ መልሰህ ግጠመው። የምትፈልገውን ጉልበት ታገኛለህ። ወንፊቱ የተሠራው የሚነድ ፍንጣሪ ከማርሚታው እንዳይወጣ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሣሩና የባሕር ዛፉ ቅጠል በደረቀበት ግቢ ያለ ወንፊት የምትሠራ ከሆነ የሰው ቤት ታቃጥላለህ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚያጨስ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ ሂድ። ብዙዎቹ ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ ኤች (H) ለከፍተኛ ዙር፣ ኤል (L) ለዝቅተኛ ዙር፣ ቲ (T) ደግሞ ለሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ለሚዞርበት ዙር። ከመንካትህ በፊት ኤችና ኤልን ወደ ቀኝ እስኪዘጉ ድረስ ስንት ዙር እንደሚሄዱ ቆጥረህ ጻፍና ወደ ነበሩበት መልሳቸው፤ ስትዘጋቸው አታጥብቃቸው። ከዚያ ሞተሩን አሙቀውና ኤችን ወደ ቀኝ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ አዙር፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ቤንዚን ይቀንሳል። ቅርንጫፍ ቆርጠህ አዳምጥ። ልክ የሆነ ሞተር እንጨት ሳይነካ በሙሉ ነዳጅ ሲጮኽ ትንሽ ይንተባተባል፤ ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። እዚያ ላይ አቁም። ያለ ሥራም ድምፁ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን ፉጨት ከሆነ ቤንዚን አጥሮታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ፒስቶኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ሊነክስ ይችላልና ወዲያው ወደ ግራ መልሰው። ሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ ቲን ወደ ግራ አላላው፤ ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ሞላ ተሰብሯል፤ ሳይጠገን አትሥራበት።

አንድ ነገር አደራ። ለጎንደር አየር ያስተካከልኸውን መጋዝ ይዘህ ወደ መተማ ቆላ ለሥራ ብትወርድ ኤችን ወደ ጻፍኸው ቦታ መልሰህ ክፈተው። እዚያ አየሩ ይወፍራል፤ በጎንደር ልክ የሰጠኸው ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ወደ ደባርቅ ብትወጣ ደግሞ ያጨስ ይሆናል፤ እሱ ግን አይገድለውም።

ሰንሰለቱን በሚመለከት አጭር ልሁን። የሚወጣው እንደ ዱቄት ከሆነ ሰንሰለቱ ደንዟል፤ ስል ሰንሰለት ፍቅፋቂ ነው የሚያወጣው። ባለ 10 ኢንች መጋዞች ላይ በብዛት ለሚገኘው ሰንሰለት የ4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይሆናል። እያንዳንዱን ጥርስ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ 30 ዲግሪ አዘንብለህ፣ ሁሉንም እኩል ቁጥር ሞርደው። ለሰንሰለቱ ቅባት የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትጠቀም። በዚህ መጋዝ ሰንሰለቱ ከራስህ በላይ ነው የሚሽከረከረው፤ የሚረጨው ዘይት በፊትህና በዓይንህ ላይ ይወርዳል። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ለቆዳ መርዝ ነው። የሰንሰለት ዘይት ካጣህ ንጹሕ አዲስ የሞተር ዘይት ይሻላል።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። የመጋዝህ ቱቦ እንደ ብዙዎቹ አሉሚኒየም ከሆነ የውኃ ቧንቧው ደግሞ ብረት ነው፤ በተራ ብየዳ ሁለቱ አይያያዙም። ቢያያዙልህ እንኳ ውስጡ ያለውን ዘንግ በምን ትቀጥለዋለህ? ዘንጉ በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይሽከረከራል። ቱቦው ውስጥ በየርቀቱ የተቀመጡ ትንንሽ መደገፊያዎች ባይኖሩ ኖሮ እንደ ጅራፍ ይገረፍ ነበር። ያለ ድጋፍ ሲረዝም መገረፉ በዝቅተኛ ዙር ይጀምራል፤ ቱቦውን ይቦረቡረዋል ወይም ይሰበራል። ክብደቱንም አስብ። ጫፍ ላይ ያለው 2 ኪሎ ከእጅህ በ2 ሜትር ፈንታ በ4 ሜትር ሲርቅ ወገብህ ላይ የሚያሳድረው ጫና እጥፍ ነው፤ ቧንቧው ራሱ ከ3 ኪሎ በላይ ሊጨምርበት ይችላል። የምትቆርጠውን ቅርንጫፍ አታየውም፣ ጫፉንም መቆጣጠር አትችልም። ለሞዴልህ ፋብሪካው የሠራው መቀጠያ ከተገኘ እሱን ግዛ፤ ከዚያ ውጭ አይሆንም።

16 ኢንቹም እንደዚሁ። ይህ ሞተር ከ25 እስከ 30 ሲሲ ገደማ ነው፤ በእኛ ከፍታ ከዚያም አቅሙ ይቀንሳል። ረጅም ሰንሰለት ለመጎተት ሲታገል ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል፤ ጫፉም ይከብዳል። ባለ 10 ኢንቹ ስል ሆኖ ሳለ ከመሬት ሆነህ ልትቆርጠው የሚገባህን ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆርጣል።

ረጅሙ ባሕር ዛፍ ከቤት ላይ ያዘነበለ ከሆነ ጫፉን መግረዝ ሳይሆን በገመድ ተይዞ በባለሙያ መጣል ነው መፍትሔው። ባለቤቱ ዛፉን የሚያጣ ከመሰለው ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ አስረዳው።

ለውጥ ካማረህ የሚጠቅሙህን ልንገርህ። ሰፊ የትከሻ ማንገቻ ከሸራ አሰፋለት፤ መጋዙ ሲንጠለጠል ሳይደፋ የሚመዛዘንበትን ነጥብ ፈልገህ እዚያ እሰረው። የፊት እጀታውን ወደ ቁመትህ አንቀሳቅስ። ለሰንሰለቱ ከአሮጌ ጀሪካን ፕላስቲክ ሽፋን ቁረጥለት፤ ባጃጅ ላይ ስትጭነው የሰው እግር አይቆርጥም።

ሥራ ላይ ስትሆን ዘንጉን ከ60 ዲግሪ በላይ አታቁመው፤ ከቅርንጫፉ ሥር ፈጽሞ አትቁም። ወፍራሙን ከጫፉ ጀምረህ በቁራጭ አውርደው። በመጨረሻም ከግንዱ ራቅ ብለህ ከሥር ጥቂት ቆንጥረህ ከላይ ቁረጥ፤ ያለዚያ ቅርፊቱ ተገንጥሎ እስከ ግንዱ ይላጣል። የቀረውን ጉቶ ከቅርንጫፉ አንገት ላይ አስተካክል፤ አንገቱን ግን አትንካው፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነው። ሰው ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም አንተው 15 ሜትር ራቅ። ቱቦውም ሆነ ውስጡ ያለው ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ጓንትና የጎማ ጫማ አያድኑህም። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ምንም ያህል ቢከፍልህ እምቢ በል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የተጠራህ እንደሆነም ጽድና ወይራ ላይ መጋዝ ከማንሣትህ በፊት የሰበካውንና የቀበሌውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ።

ካንዴላውን አጽድተህ፣ ካርቡሬተሩን አስተካክለህ አንድ ሙሉ ቀን ከሠራህ በኋላ ካንዴላውን ፍታና እየው። መቆላት እንደ ጀመረ ቡና ቀላ ብሎ ከደረቀ ልክ አግኝተሃል። ጠቁሮ ከረጠበ ወይም ነጭ ከሆነ ሥራ አቁምና ቀለሙን፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ያየኸውንም ጨምረህ ጻፍልኝ።